አየርም እንደ ውሃ ተራ ይሻል

አንባቢ ሆይ! በጎጃም የመስኖ አገር «የውሃ አባት» የሚባል ሰው መኖሩን ሳይሰሙ አይቀሩም። ወንዙ አንድ፣ እርሻው ብዙ ነውና ቦዩን ማን በየትኛው ቀን እንደሚከፍት የሚወስነው እርሱ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ አየር ነው፤ ነገሩ ግን ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በ2006 ዓ.ም. በዳንግላ ወረዳ የዳንገሽታ ሰዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የዝናቡን፣ የጉድጓዱንና የወንዙን ልክ መመዝገብ ጀመሩ። በወረቀት የተጻፈ ቍጥር ከሌላው አይጋጭም። ነገር ግን በየጉድጓዱ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ በየታንከሩም የውሃውን ልክ የሚለካ መሣሪያ ተተክሎ፣ ሁሉም ያለ ሽቦ በአንድ የራዲዮ ሞገድ ይነጋገራሉ እንበል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ የተናገሩ እንደሆነ የሁለቱም ቃል ይጠፋል። «ታንከሩ ሞልቷል» የሚለው ሲጠፋ ፓምፑ መግፋቱን አይተውም፤ «ጉድጓዱ ደርቋል» የሚለው ሲጠፋ ደግሞ ሞተሩ ይቃጠላል።

ይህን ችግር ቀደም ብለው ከመረመሩት አንዱ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰን ነው። በ1963 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ደሴቶች ያሉ የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች አንዱን ሞገድ እንዲካፈሉ አደረገ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ያሻው ይናገር፣ መልስ ካጣ ጥቂት ቆይቶ ይድገም። ሒሳቡ ሲሠራ ግን እንዲህ ባለው ደንብ ከመቶው ጊዜ ቢበዛ 18 ያህሉ ብቻ ለጠራ መልእክት ይውላል። ጊዜው በእኩል ተከፋፍሎ ሁሉም በክፍሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ እንዲናገር ሲታዘዝ ቍጥሩ ወደ 37 ይወጣል። የአየሩ የውሃ አባት እንግዲህ ሰዓት ነው ማለት ነው!

ታዲያ ተራ ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። ደብዳቤ ቢዘገይም ይነበባል፤ የታንከር ወሬ ግን እንደ ወተት ነው፣ ካደረ ይበላሻል። ከአሥር ደቂቃ በፊት የነበረውን ልክ ደጋግሞ ከመላክ ያንን ጥሎ የአሁኑን መላክ ይሻላል። ልኩ ያልተለወጠ መሣሪያ ዝም ይበል፤ ሊሞላ የተቃረበው ይቅደም። ለሁሉም እኩል ተራ መስጠት ፍትሕ ቢመስልም፣ በእኔ አስተያየት ለዚህ ሥራ አይበጅም።

ለፓምፑም አስቀድሞ የሚሰጠው ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም ለተወሰነ ጊዜ ምንም ቃል ካልሰማ ራሱ እንዲቆም ነው። ውሃ ለአንድ ሰዓት የተቋረጠበት ሰፈር ያጉረመርማል፤ ሞተሩ የተቃጠለበት ግን እስኪጠገን ድረስ ጀሪካን ይዞ ወንዝ ይወርዳል።