አባባ ተስፋዬ፦ ከመድረክ ቀልድ ወደ ልጆች ተረት

«ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ይህን ሰላምታ ሰምቶ ፊቱ የማይፈታ ጎልማሳ ማግኘት ይቸግራል። ባለቤቱ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው፤ አገር የሚያውቃቸው ግን አባባ ተስፋዬ ብሎ ነው።

በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። ልጆች ሳያውቋቸው በፊት የቴአትር ተመልካች ያውቃቸው ነበር። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ጦር ለጦርነት ኮሪያ ሲዘምትም ወታደሩን ለማዝናናት አብረው ሄደዋል። ከቤቱ ርቆ ሞት የሚጠብቀውን ወታደር ማሳቅ የቻለ ሰው፣ ዝም ያለ ካሜራ ፊት ለመቆም አይቸገርም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ሥርጭቱም ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙ አይርቅም ነበር። አባባ ተስፋዬ የልጆችን ጊዜ የያዙት ያኔ ነው። ከ40 ዓመት በላይም አልለቀቁትም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ተረት ብቻ። ጥበቡ ያለው አነጋገሩ ላይ ነው። ሰላም ካሉ በኋላ ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ቤት ያለው ልጅ መልስ እንዲሰጥ። ልጁም ይመልሳል! አንበሳው ሲናገር ድምፃቸው ይወፍራል፣ ፊታቸውም አብሮ ይለወጣል። መድረክ ላይ የለመዱት ቀልድ ሁሉ እዚህ ገብቷል፤ በልጅ ላይ ግን አይቀልዱም። ለእኔ ትልቁ ችሎታቸው ይህ ነው። ተረቶቻቸውንም በመጽሐፍ አሳትመዋል።

እሳቸው ከስክሪኑ በራቁበት ሰሞን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006፣ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመረች። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት ብትሆንም ጠያቂና ተጫዋች ልጅ። ድምጿ የብሩክታዊት የራሷ ነው። ንጽሕናንና ጤናን በጨዋታ የምታስተምረው ይህች ቀጭኔ ባሕር ማዶ ድረስ ሽልማት አግኝታለች።

ለልጆች የሚሆን ተረት ግን በቴሌቪዥን ብቻ አይገኝም፤ ሐረርን ውሰዱ። ከተማዋ ውስጥ ፈላና በር አካባቢ ሲመሽ ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ይቀበላል። ብዙ ልጅ በተረት ብቻ የሚያውቀውን አውሬ የዚህ ከተማ ልጅ በዓይኑ ያየዋል፤ ቤቱ ደግሞ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ የሚያወጉ አያቶች አሉት። ለልጆች የሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ሀብት ከየት ያገኛል?

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አርፈዋል። የሐረር ጸሐፊዎች ሆይ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ተረታቸውን ቅረጹ፤ ለልጆች በሚመጥን ቋንቋም ጻፉት።