መልሱ ልክ ነው፤ ልጁስ ዐውቆታል?

«አንድ እረኛ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉት። የእረኛው ዕድሜ ስንት ነው?»

አንባቢዎቻችን ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ ሳትቈጥሩት አትቀሩም። ነገር ግን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹ ማለቂያ ግድም በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ ተመራማሪዎች ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ በእረኛ ፈንታ የመርከብ አዛዥ አድርገው 97 ለሚሆኑ ሕፃናት ተማሪዎች አቅርበውት ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 76ቱ ቁጥሮቹን እንደ ምንም አያይዘው የአዛዡን ዕድሜ አውጥተው ሰጡ። ልጆቹ መደመር አልተሳናቸውም፤ 26 እና 10 ሲደመር 36 መሆኑ እውነት ነው። የተሳናቸው ጥያቄው መልስ የሌለው መሆኑን መናገር ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት በትምህርት ቤት የሚጠየቅ ነገር ሁሉ መልስ አለው ብለው ስለ ለመዱ ይመስለናል።

በአሜሪካም በ1983 እንደ ፈረንጆች በተደረገ አገር አቀፍ ምዘና የ13 ዓመት ልጆች እንዲህ ተብለው ተጠይቀው ነበር፤ አንድ አውቶቡስ 36 ወታደሮች ይይዛል፤ 1128 ወታደሮችን ለማጓጓዝ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? ከመቶው ወደ 70 የሚጠጉት ማካፈሉን አሳምረው ሠሩት፤ 31 ደርሶ 12 ይተርፋል። ነገር ግን ከመቶው 29ኙ «31 ከቀሪ 12» ብለው ጻፉ። 32 አውቶቡስ ብለው በትክክል የመለሱት ከመቶ 23 ብቻ ናቸው። እንግዲህ አሥራ ሁለቱ ወታደሮች በእግራቸው ይሂዱ እንደ ማለት ነው።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያነሣነው ባሕር ማዶ ያለውን ልጅ ለመንቀፍ አይደለም። እስቲ ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስና አንድ ጥያቄ እናውጣ። አንድ መንገደኛ ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ አልዩ አምባ በ3 ሰዓት ቢወርድ፥ ሲመለስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? የፈተና ማረሚያው ወረቀት «3 ሰዓት» ይላል እንበል። ለደብረ ብርሃን ሜዳ ልጅ ይህ መልስ ምንም ነውር የለበትም። የአንኮበር ልጅ ግን ቍልቍለቱን ወርዶ ዐቀበቱን ስለ ወጣ «ከ3 ሰዓት ይበልጣል፤ ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን ከተሰጠን ነገር አይታወቅም» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ማረሚያው ወረቀት ይህን ልጅ ዜሮ ይሰጠዋል። በእኛ አስተያየት ግን ከክፍሉ ሁሉ ያሰበው እርሱ ነው።

እኛም በልጅነታችን ይህን የመሰለ ነገር ደርሶብናል። 25 በ16 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ተጠይቀን፥ 25 በ4 መቶ ነው፥ መቶ በ4 ደግሞ 400 ነው ብለን በቃላችን አውጥተን ብንጽፍ፥ «ቁጥሮቹን ደርድረህ አላባዛህም» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተሠረዘብን። ቂም አልያዝንም፤ ነገሩን ግን አልረሳነውም።

የተማሪን ዕውቀት እንጂ የተማሪን መልስ ብቻ አለመመርመር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ወደ ጫካ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ገለል ብሎ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የትናንቱን የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ አይሆንለትም፤ በየዕለቱ አዲስ ሊሆን ይገባዋል። መምህሩም ሰምቶ ቤቱ የጐደለበትን፥ ምሥጢሩ የላላበትን በዚያው በቆመበት ያርመዋል። ምዘናውና ትምህርቱ አንድ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ወደ ሒሳብ የሚቀርበው ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ነው። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በድሜጥሮስ ስም የሚነገረው ይህ ስሌት አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ነው። የ2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 እና 2017 ሲደመር 7517 ይሆናል። ይህን ለ19 ብናካፍለው 395 ደርሶ 12 ይተርፋል፤ ከቀሪው አንዱን ለዘመን ብናተርፍ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩን በ11 ብናባዛ 121፤ በ30 ስንገድፈው አበቅቴ 1 ይሆናል። ወንበሩን በ19 ብናባዛ 209፤ በ30 ስንገድፈው መጥቅዕ 29 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሙላት አለባቸው፤ 1 እና 29 ሠላሳ ነውና ሞላ።

ይህን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሞልቷል። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ ድምሩ ስለ ምን ሁልጊዜ 30 ይሆናል? ምሥጢሩ ይኸው ነው። ፀሐይ በ365 ቀን፥ ጨረቃ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ወርዋን በ354 ቀን ስለምትፈጽም በየዓመቱ 11 ቀን ይለያያሉ፤ 11 ከ30 ሲነሣ 19 ይቀራል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር በ11 እና በ19 አባዝቶ መደመር በ30 እንደ ማባዛት ነው፤ በ30 ሲገድፉትም ከሠላሳ በቀር ሌላ ሊመጣ አይችልም።

ይህን የተረዳ ተማሪ ሌላም ነገር ያያል። አንድ ተማሪ አንዱን ለዘመን ማትረፍ ረስቶ ወንበሩን 12 አደረገው እንበል። አበቅቴው 12፥ መጥቅዑ 18 ይወጣለታል፤ ድምሩም 30 ይሞላል! ተማሪው «ሞላልኝ» ብሎ ይቀጥላል። የቀሩትን እርምጃዎች ሁሉ ሳይሳሳት ቢፈጽም፥ ፋሲካው በሚያዝያ 12 ቀን መዋሉ ቀርቶ በሚያዝያ 5 ቀን ይውልለታል፤ እርሱም ደግሞ እሑድ ስለ ሆነ ስሕተቱ በቀኑም አይታወቅበትም። እንዲህ ያለው ሰው አገር ምእመኑን አንድ ሳምንት ቀድሞ ጾም ያስፈታል። የሠላሳው መሙላት የማባዛቱን ስሕተት ያጋልጣል እንጂ የወንበሩን ስሕተት አያጋልጥም፤ ይህን የሚያውቀው ለምን እንደሚሞላ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ወደ ዛሬው ትምህርት ቤት እንምጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን አመጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በብዙ ቦታ ግን አንዱን ትልቅ ፈተና ወደ ዐሥር ትናንሽ ፈተናዎች መቈራረስ ሆኖ ቀረ። በ1992 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በናሙና በተደረገው የመጀመሪያ የትምህርት ምዘና የ4ኛም ሆነ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ያገኙት አማካይ ውጤት ከመቶ 40 አልደረሰም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህም፥ በትምህርቶቹ ሁሉ ተደምሮ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ነበሩ።

ወጣት ሹማምንት እንደነዚህ ያሉትን አኀዞች በየሪፖርቱ ስለምታነቡ አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እንወዳለን። አራት አማራጭ ባለው የ100 ጥያቄ ፈተና 33ቱን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ የቀሩትን 67 በግምት ቢያጠቍር ወደ 17 የሚጠጋውን ያገኛል፤ 33 እና 17 ሃምሳ ነው። እንግዲህ «ግማሹን አለፈ» የተባለው ተማሪ የሚያውቀው ሢሶውን ሊሆን ይችላል። ምንም የማያውቀውም ቢሆን ወደ 25 ያህል ያገኛል። አማራጭ ብቻ ያለበት ወረቀት ልጁ የቱን እንዳወቀና የቱን እንደ ገመተ አይነግረንም።

መምህራን ይህን ስንላቸው «በክፍል 60 ልጅ ይዘን እያንዳንዱን እንዴት እንጠይቅ?» ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በቀን 5 ልጆችን ብቻ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሞ «እንዴት አገኘኸው? ስለ ምን?» ብሎ ቢጠይቁ፥ 60ው ልጅ በ12 የትምህርት ቀን ይዳረሳል። ከልጁ ስም አጠገብ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል፤ «ማካፈል ያውቃል፤ ቀሪውን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም»። በመስከረም የተጻፈው መስመር በሰኔ ከሚጻፈው ጋር ሲነጻጸር የልጁ እድገት ያኔ ይታያል። 62 ከመቶ የሚለው ቁጥር ግን ለሚቀጥለው መምህር የሚነግረው ነገር የለም።

ይህ ነገር በአማራ ክልል ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ምክንያት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ አንድና ሁለት ዓመት ከትምህርት ርቀው የሚመለሱ ልጆች አሉ። ከእነርሱ አንዱ በዕድሜው ተመዝኖ 6ኛ ክፍል ቢገባ፥ ክፍልፋይ መደመር የተወው የት ላይ እንደ ሆነ የክፍሉ ቁጥር አይናገርም። በገበያ ዋጋ እየጠራ፥ መልስ እየቈጠረ የሰነበተ ልጅ ደግሞ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ሒሳብ ይዞ ይመጣ ይሆናል። ሁለቱንም የሚያወጣው መምህሩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲሠራ ሲያየው ነው።

ለዛሬው እሑድ ለተማሪ አንባቢዎቻችን የምንተውላችሁ ሥራ አለ። የ2019 ዓ.ም.ን ወንበር፥ አበቅቴና መጥቅዕ አውጡ፤ ድምሩ 30 መሙላቱን አይታችሁ ግን አትቁሙ። ከ19ኙ ግድፈት ቀሪ ላይ አንዱ የሚቀነሰው ስለ ምን እንደ ሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉና ባሕረ ሐሳብ ለማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ገብቶት እንደ ሆነ በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።