የአካል ተሃድሶ ሕክምና ሥልጠናን በምን እንምረጥ?



በአካል ተሃድሶ ሕክምና ስፔሻላይዝ ለማድረግ የምትሹ ሐኪሞች ዘወትር የምትጠይቁኝ «የትኛው ፕሮግራም ይበልጣል?» ብላችሁ ነው። እኔ ግን «ሠልጣኙ ሕመምተኛውን እስከ የት ይከተለዋል?» በሉ እላለሁ።

በአሜሪካ ሥልጠናው 4 ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ዓመት በአጠቃላይ ሕክምና ያልፋል፤ ቀሪዎቹ 3 ዓመታት ለአከርካሪ ጉዳት፣ ለስትሮክ፣ ለአካል መቆረጥና ለመሳሰሉት ይውላሉ። ስመ ጥር ተቋማት ብዙ ሕመምተኛና መሣሪያ ያሳያሉ፤ ይህን አልንቅም።

ነገር ግን ከነአኩቶ ለአብ አካባቢ የመጣ፣ እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ገበሬ አስቡ። ሰው ሠራሽ እግር ለማሠራት ደሴ ወዳለው የአካል ተሃድሶ ማእከል ይሄዳል፤ በደልዳላ ወለል ላይ መራመድን ይለማመዳል፤ ከዚያም ወደ ላስታ ተራራ ይመለሳል። የተቆረጠው እግር ጫፍ በወራት ውስጥ እብጠቱ እየጎደለ ስለሚሄድ ማቀፊያው ይሰፋዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲንሸራተትበትም ቆዳው ይላጣል። ለማስተካከል ዳግመኛ ደሴ መሄድ አለበት። እግሩን ሰቅሎ ወደ ምርኩዙ ቢመለስ ማን ይፈርድበታል?

እኔ በሠለጠንሁበት ተቋም፣ ስሙን ልተወውና፣ አንድም ሕመምተኛ ቤት ድረስ አልሄድሁም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ ከፊዚዮቴራፒ ትምህርቱ ጎን ለጎን ማኅበረሰብ ተኮር ተሃድሶን ይዟል፤ ለእኛ አገር ሐኪም ይህ ከላቦራቶሪ ብዛት ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ፣ ሠልጣኝ ከሰው ሠራሽ አካል ባለሙያ ጋር ስንት ሳምንት እንደሚሠራ፣ ሕመምተኛውንም ከ6 ወር በኋላ ዳግም ያየው እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን ከኃላፊው ብቻ ሳይሆን ሊመረቅ ከተቃረበ ሠልጣኝም ስሙ።