የጁገል በር ለሁሉ ይከፈት

አባቶች ሠርተው ያቈዩት ቅርስ የልጆቻቸው ሁሉ ርስት ነው። ርስት ከሆነም ዘንድ፤ እግሩ የጸናለት ብቻ ገብቶ የሚያየው፤ እግሩ ያልታዘዘለት ግን በውጭ ተቀምጦ ወሬውን የሚሰማው ሊሆን አይገባም።

ይህንም ለማስተዋል ሐረርን መመልከት ይበቃል። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት የሚነገረው የጁገል ግንብ 48 ሄክታር የሚያህል ስፍራ ከቦ ይዟል፤ በውስጡም 82 መስጊዶች እንዳሉ ተቈጥሯል። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ዊልቸር በሚባለው ባለ መንኰራኵር ወንበር የሚሄድ እንግዳ፤ መኪና በሚያልፍበት በሐረር በር ገብቶ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያለ ብዙ ችግር ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ግን በልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ወደ ተሰየመው ወደ መኪና ግርግር ቍልቍል ሲወርድ መንገዱ እየጠበበና እየተዳፋ ይሄዳል። ከሐረሪ ቤት ቢደርስም ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች ይጠብቁታል። በእነዚህ ላይ ሽማግሌውም ወጣቱም እንደ ክብሩ ስፍራ አለው፤ በወንበሩ የመጣው እንግዳ ግን ከደጃፉ ይቀራል።

የአገሩ ሰው እንግዳ አክባሪ ስለ ሆነ ተሸክሞ ሊያስገባው ይችላል። ነገር ግን ሸክምና መንገድ አንድ አይደሉም። ሸክም የሰው ቸርነት ሲገኝ የሚገኝ ነው፤ መንገድ ግን ማንንም ሳይለምኑ የሚሄዱበት ነው። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ30ኛው አንቀጽ የባህል ቅርሶችን ስፍራ ጨምሮ ይናገራል።

አንዳንዶች ግን የጥንቱ ድንጋይ ይበላሻል ብለው ይሠጋሉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። በግሪክ አገር በአቴና ከተማ በኮረብታ ላይ ላለው ለአክሮፖሊስ በ2013 ዓ.ም. አዲስ አሳንሰር ተተክሎ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል፤ በዚያው ወራት የተነጠፈው የሲሚንቶ መንገድ ግን ከጥንታዊ ቅርስ ሊቃውንት ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፤ መሥራት እንደሚቻል፤ ነገር ግን ምክር ከሥራው መቅደም እንደሚገባው ነው።

ለሐረር የሚያስፈልገው ግንብ ማፍረስ አይደለም። አስቀድሞ ወንበሩ የሚያልፍባቸውን መንገዶች ለክቶ በካርታ ማስፈር፤ በደጃፎች ላይ ሲፈለግ የሚዘረጋ ሲበቃ የሚነሣ የእንጨት መወጣጫ ማዘጋጀት፤ ፎቅ ላለው ቤተ መዘክር በላይ ያለውን በሥዕል አድርጎ በምድር ቤት ማሳየት ነው። ከሁሉም በፊት ግን ወንበሩን የሚነዱት ሰዎች ራሳቸው ከመሐንዲሱና ከቅርስ ጠባቂው ጋራ በምክሩ ይቀመጡ። ደረጃው የት እንደሚያስቸግር ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለምና።

በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙት አራቱ ሰዎች ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ መግቢያ ቢያጡ ጣራውን ከፈቱ። ሃይማኖታቸው ተመሰገነች። የዛሬው ሹምና መምህር ግን ጣራ መክፈት አያስፈልገውም፤ ደጁን ቢያስተካክል ይበቃል።