ለፈረሱ የሚፈርድ ስፖርት

በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ ገበያ ሰንጋ የሚገዛ ነጋዴ ዋጋ የሚቆርጠው በዓይኑና በእጁ ነው። የሐረርጌ ገበሬ አንድ ሁለት በሬ አስሮ የማሽላ ቅጠልና አገዳ በእጁ እያበላ ስለሚያደልብ፣ የወራት አያያዙ ከከብቱ ገላ ላይ ይነበባል። ድሬሳዥ የሚባለው የኦሊምፒክ የፈረስ ውድድርም የሚዳኘው በዓይን ነው። ፈረሱ አይሽቀዳደምም፣ መሰናክልም አይዘልም። 20 ሜትር በ60 ሜትር በሆነ ሜዳ ከርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ ይሸጋገራል፤ ባለበት ይረግጣል፤ እግሩን እያጠላለፈ ወደ ጎን ይሄዳል። ጋላቢው ድምፁን ሳያሰማ በልጓሙ፣ በእግሩና በአቀማመጡ ብቻ ያዝዘዋል፤ ትእዛዙ ለተመልካች ባልታየ መጠን የተሻለ ነጥብ ያስገኛል። በሜዳው ዙሪያ የተቀመጡ ሰባት ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ፤ ድምሩም ወደ መቶኛ ይለወጣል።

የአንድ አገር ቡድን ሦስት ጋላቢዎችና ሦስት ፈረሶች አሉት፤ የሦስቱ መቶኛም ተደምሮ የቡድኑ ውጤት ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ፣ በቬርሳይ በተደረገው ውድድር ጀርመን 235.790 አግኝታ ወርቁን ወሰደች። በ235.669 ሁለተኛ የሆነችው ዴንማርክ የተበለጠችው በ0.121 ብቻ ነበር። ከሦስቱ ዝቅተኛው ውጤት የሚጣልበት አሠራር ስለሌለ አንዱ ከወደቀ ቡድኑ በሙሉ ይወድቃል። አሜሪካኖቹ የገጠማቸው ይህ ነው። የማርከስ ኦርሎብ ፈረስ ጄን ሜዳ ስትገባ ተደናግጣ የራሷን እግር ረገጠች፤ ከኋላ እግሯ ሰኮና በላይ ትንሽ ደም ታየ፤ ደም የታየበት ፈረስ እንዲወጣ ደንቡ ስለሚያዝዝ ደወል ተደወለና ውድድሯ ተቋረጠ። የአሜሪካ ቡድንም በዚያው ከፉክክር ወጣ። እንዲህ ባለ ውሳኔ የቡድን ደጋፊ ቢያዝን አይፈረድበትም። ተበደልን ካለ ግን፣ በእኔ እምነት፣ የስፖርቱን መሠረት ስቷል።

ደጋፊ በእውነት የተበደለበት ዘመን ነበር። ድሬሳዥ በ1904 ዓ.ም. በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሲጀመር የጦር መኮንኖች ጨዋታ ነበር። ያን ጊዜ መድፍ የሚጎተተው በፈረስ ነበር። በ1940 ዓ.ም. በለንደን የስዊድን ቡድን ወርቅ አገኘ። በዓመቱ ግን ከጋላቢዎቹ አንዱ፣ ጌህኔል ፔርሶን፣ እውነተኛ መኮንን ሳይሆን ለውድድሩ ሲባል ማዕረግ የተሰጠው የበታች ሹም ነው ተባለና ሜዳሊያው ተነጥቆ ለፈረንሳይ ተሰጠ። ፈረሱ ምንም አልጎደለውም፣ ጋላቢውም አልተሳሳተም። ደንቡ የመረመረው የሰውየውን ትከሻ ነበር። በ1944 ዓ.ም. ውድድሩ መኮንን ላልሆኑና ለሴቶች ሲከፈት እነዚያው ሦስት ስዊድናውያን በሄልሲንኪ እንደገና ወርቁን ወሰዱ። ዛሬ ውድድር የሚያስቆመው ደንብ ከሰው ማዕረግ ወርዶ የፈረስ እግር ላይ ደርሷል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ የደንቡ ጥብቅነትም የሚደገፈው ለዚህ ነው።

«ጭረቷ ኢምንት ነበረች፤ ጄንንም የመታት የለም» የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት ነው፤ ደንቡ ግን ጥፋተኛ ፍለጋ የወጣ አይደለም። ፈረስ ሕመሙን አይናገርም። ደም እየታየ ውድድሩ የሚቀጥለው ሕመም አለመኖሩ ተጣርቶ ይሁን ቢባል፣ ቃሉን የሚሰጠው ሜዳሊያ የሚጠብቀው ጋላቢ ብቻ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ የኔዘርላንዷ አደሊንዴ ኮርኔሊሰን ታሞ የሰነበተ ፈረሷን ይዛ ሜዳ ገብታ ነበር፤ እንዳልሆነለት ስታይ ራሷ አቁማ ወጣች። ሁሉም ጋላቢ እንዲህ ያደርጋል ብሎ መተማመን ስለማይቻል ደንብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ጭካኔው የሚፈጸመው ከሜዳ ውጭ ከሆነ በሜዳ ላይ የታየ ጠብታ ደም ምን ያስረዳል? የሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤቷ ብሪታኒያዊት ሻርሎት ዱጃርዲን ከፓሪስ ጨዋታዎች ራሷን ያገለለችው በልምምድ ላይ የፈረስ እግር በአለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ለአንድ ዓመት አገዳት። ይህ ግን የሚያስረዳው ቁጥጥሩ ወደ ጋጣውና ወደ ልምምዱ ሜዳ መዝለቅ እንዳለበት ነው፤ በውድድሩ ሜዳ ይላላ የሚያሰኝ አንድም ነገር የለበትም።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ድሬሳዥ ተሰልፋ አታውቅም፤ ታዲያ የባለጸጋ አገር ጨዋታ ለምዕራብ ሐረርጌ ሰው ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። ፈረስን ማክበር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ይልቅ ከእነሱ የምንለየው በችግር ነው። ጀርባው የተላጠ አህያ ላይ ጭነት የሚጭን ሰው ጥፋቱን ባያስቀርለትም ቢያንስ ምክንያት አለው፤ አህያው ካልሠራ ቤተሰቡ ጦም ያድራል። የኦሊምፒክ ጋላቢ እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። ፈረሱ ዛሬ ቢቆም የሚቀርበት ሜዳሊያ ነው። እንስሳን ለጨዋታ የሚያሰልፍ ለእንጀራው ከሚያሠራው ይበልጥ በጥብቅ ደንብ ቢያዝ ፍትሐዊ ነው። የስዊድን ደጋፊ በ1940ው ውድድር ተቆጥቶ ከነበረ ለጋላቢው ማዕረግ ሲባል ውጤት ስለተቀማ ነው፤ ቁጣው ተገቢ ነበር። የአሜሪካ ደጋፊ ግን ያጣው የሜዳሊያ ዕድል ለፈረሷ ደኅንነት የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ይህን ዋጋ ለመክፈል የማይፈቅድ አገር መጀመሪያውኑ ፈረስ ይዞ መሰለፍ የለበትም።