ቤታችን ቤተልሔም ይሁን

በጾመ ነቢያት ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሰላምና ስለ ምስጋና



ኅዳር በገባ በ15ኛው ቀን ቤተ ክርስቲያናችን ጾመ ነቢያትን ትቀበላለች። ይህ ወራት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖረው ሕዝብ የዕረፍት ወራት አይደለም። ከጉና ተራራ የሚወርደው የሌሊት ውርጭ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ገበሬው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በደጋው ገብሱና ስንዴው፣ በወይና ደጋው ጤፉ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው ቆላም ማሽላው በየተራው ይታጨዳል፤ ይከመራል፤ ይወቃል። እንግዲህ ጕልበት ከምንጊዜውም ይልቅ በሚፈለግበት ወራት ሆድ ከወትሮው ያነሰ ይቀበላል ማለት ነው። ወተቱና ቅቤው ከገበታ ይነሣል፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ተልባውና ቆሎው ይተካል።

ይህን የሚያዩ አንዳንድ ወጣቶች፣ ጾሙ በአዝመራ መካከል መዋሉ ለምንድር ነው? ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄያቸው የስንፍና ጥያቄ አይደለምና መልስ ይገባዋል። እኛ እንደምናስበው፣ ሰው በአውድማው ላይ እህሉን እየሰፈረ ሳለ የሚጾመው ጾም ከሌላው ጾም ሁሉ ይልቅ ልቡን ይመረምረዋል። ባዶ ጎተራ ያለው ሰው መጸለዩ የታወቀ ነው፤ ምርቱ በፊቱ ተከምሮ ሳለ እጁን ሰብስቦ የእግዚአብሔርን መምጣት መጠበቅ ግን ትምህርት ይፈልጋል።

ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ቢቈጠር 44 ቀን ነው። ሊቃውንት ሲተነትኑት 40ው ቀን የነቢያት ጾም፣ 3ቱ ቀን በሊቀ ጳጳሳቱ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን በግብፅ ስለ ሙቀጠም ተራራ የተጾመው ምሕላ መታሰቢያ፣ የቀረው 1 ቀንም የልደት ገሃድ ነው ይላሉ። አዳም የተሰጠውን ተስፋ ስለምናስብበት ጾመ አዳም፣ የነቢያት ስብከት ስለሚነገርበትም ጾመ ስብከት ይባላል። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ያለው እሑድ ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ያለው ኖላዊ ተብሎ ይጠራል። ነቢያት አስቀድመው መምጣቱን ሰበኩ፤ በጨለማ ላለው ዓለም ብርሃንን ለመኑ፤ እንደ ተበተነ መንጋ ለሆነውም ሕዝብ እረኛ ይመጣለት ዘንድ ጮኹ።

ስለ ሦስቱ ቤተልሔም

ከነቢያት አንዱ ሚክያስ፣ ከጌታ ልደት 700 ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ገዢው የሚወጣባትን ከተማ በስሟ ጠርቶ ቤተልሔም አላት። ቤተልሔም ማለት በዕብራይስጥ ቋንቋ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። የሕይወት እንጀራ የሆነው ጌታ በእንጀራ ቤት ተወለደ።

ሁለተኛዪቱ ቤተልሔም የምትገኘው በዚሁ በጋይንት ነው። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ታላቅ ደብር ናት። ከየአገሩ ዜማ የተማሩ ደቀ መዛሙርት ድጓቸውን በዚያ ያስመሰክራሉ፤ ከዜማ ስልቶችም አንዱ በስሟ ይጠራል። በእስቴ ያለችው ቆማም እንዲሁ ለሌላው ስልት ስሟን ሰጥታለች። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም ከዚህ አገር አይርቅም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም በደረሰ ጊዜ ከውጭ ያየው በሣር የተከደነ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በሣር ክዳኑ ሥር በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አገኘ። የክርስቲያን ጾምም እንደዚሁ ሊሆን ይገባዋል። ከውጭ ሲያዩት የማጭድና የመንሽ ሥራ፣ የሽሮና የቆሎ ገበታ ነው፤ ከውስጥ ግን ሌላ ሕንፃ ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛዪቱን ቤተልሔም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በስተምሥራቅ ያለችው፣ ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ናት። በዚያች ቤት ዱቄቱ የገበሬው ነው፤ እሳቱ የዲያቆኑ ድካም ነው፤ ኅብስቱ ግን የእግዚአብሔር ነው። አራተኛዪቱ ቤተልሔም የእያንዳንዳችን ቤት ትሆን ዘንድ ነው ይህን መጻፋችን።

ስለ ሃይማኖት

ሃይማኖት በቃል ብቻ የሚነገር ነገር እንዳይመስለን ወደ ክረምቱ መለስ ብለን እናስብ። በሰኔ ገበሬው ቤት ውስጥ የቀረችውን እህል ልጆቹ እያዩት ያወጣና ወደ ጭቃው ይበትናታል። ዘር ያጣውም ተበድሮ ይዘራል። ሊበላ የሚችለውን እህል ወደማያየው ነገር የሚወረውር ሰው ካላመነ ማን አመነ?

ነገር ግን ማመን ማለት ጎተራ መሙላቱን እርግጠኛ መሆን አይደለም። የዚህ አገር ሰው ይህን ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አገራችንን በመታ ጊዜ ያለፉትን ወላጆች የሚያስታውሱ ቤቶች ዛሬም አሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት በሚባለው መርሐ ግብር በጋይንትና በስማዳ ብዙ አባወራ እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ የጐደለውን ቀለብ ሲሞላ ኖሯል። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ አፈሩን ጐርፍ ወስዶታል። ነቢያትም ቢሆኑ የዘሩትን አላጨዱም። ኢሳይያስ የድንግልን ልጅ ተናገረ እንጂ አላቀፈውም። ያን ሕፃን በክንዱ የታቀፈው አረጋዊው ስምዖን ነው፤ እርሱም የደረሰው ሌሎች ዘርተው ባለፉት አዝመራ ላይ ነው። እንግዲህ ሃይማኖት ማለት ለልጅ ልጅ የሚደርሰውን ነገር ዛሬ መዝራት ነው።

ስለ ሰላም

ስለ ሰላም ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ እጃችን ከበደን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ በከተማዪቱና በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ብዙ መከራ ተቀብሏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ቤት ኀዘን አስገብቷል፤ ብዙ ትምህርት ቤትም አዘግቷል። እኛ ግራና ቀኙን ልንዳኝ አልተነሣንም። ነገር ግን የትልቁ ጠብ ዘር በትንሹ ቤት እንደሚቀመጥ ከራሳችን ሕይወት ተምረናልና ያንን እንናገራለን።

አባታችን ካረፉ በኋላ እኛና ታላቅ ወንድማችን በአንድ ወሰን ተጣላን። ነገሩ ሁለት ክንድ የማይሞላ መሬት ነበር። አራት ዓመት ሰላምታ አልተለዋወጥንም። በእነዚያ ዓመታት በክፍል ቆመን ልጆችን ግብረ ገብነት እናስተምር ነበር፤ በእሑድም ስለ ሰላም አለቃ የተነገረውን ትንቢት እናነብ ነበር። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን፣ «ልጄ፣ ወሰኑን ስንት ጊዜ ለካኸው?» ብለው ጠየቁን። ብዙ ጊዜ መለካታችንን ነገርናቸው። «ወንድምህንስ ስንት ጊዜ ጐበኘኸው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በታኅሣሥ 18፣ በቅዱስ ገብርኤል ዋዜማ፣ ወደ ወንድማችን አውድማ ሄድን። ገብስ ሲያዘራ አገኘነው። ቀና ብሎ አየንና ሥራውን ቀጠለ። «ጋሼ፣ እንደምን ዋልክ?» አልነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ነፋሱ ሳይቆም ያን መንሽ አንሣ» አለን። እስኪመሽ ድረስ አብረን አዘራን። ስለ ወሰኑ በዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነገረም። ያቺ ሁለት ክንድ መሬት ዛሬ አትታረስም፤ ሣር በቅሎባታል፤ የሁለታችንም ከብት ይግጥባታል። ከእርሻዎቻችን ሁሉ የበለጠ ፍሬ የሰጠችን እርሷ ናት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በገበታ ዙሪያ ልጆች ሲሰሙ ጐረቤትን፣ ዘመድን ወይም ሌላውን ሕዝብ የምንረግም ከሆነ ከሥጋ የጾምነው አፋችን ምን ጠቀመው? የጠፉትንና የሞቱትን በጸሎት በስማቸው እንጥራ፤ በቀልን ግን ለልጆቻችን አናውርስ።

ስለ ምስጋና

እኛ በልጅነታችን ቆሎ ተማሪ ነበርን። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንጠልጥለን በየመንደሩ በእንተ ስማ ለማርያም እያልን እንለምን ነበር። በአንድ ታኅሣሥ ውርጭ የደጋውን ገብስ መትቶት ስለ ነበር አውድማው ሁሉ አነስተኛ ነበር። እኛና አንድ ባልንጀራችን ባል የሞተባቸው አንዲት እናት ወደሚያስወቁበት አውድማ ደረስንና ክምሩን አይተን ለመለመን አፈርን፤ ልንመለስም ፊታችንን አዞርን። እርሳቸው ግን ጠሩን። ገና ያልተሰፈረውን ገብስ በሁለት እጃቸው እየዘገኑ አኩፋዳችንን ሞሉልን።

ባልንጀራችን ደፈር ብሎ፣ «እማማ፣ ለእርስዎስ ይበቃዎታል?» አላቸው።

«ልጆቼ፣ አልሰፈርኩትም» አሉን። «ከሰፈርኩት በኋላ እሳሳለሁ። ሳልሰፍረው ውሰዱልኝ።»

ይህን ቃል ከሰማን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖናል። በትምህርት ቤትም በቤተ ክርስቲያንም ስለ ምስጋና ብዙ ተምረናል፤ እንደዚህ ያለ ትርጓሜ ግን አላገኘንም። እኛ አስቀድመን እንሰፍራለን፤ ቀጥለን ከጐረቤታችን ጋር እናስተያያለን፤ ከተረፈን በኋላ እናመሰግናለን። ነቢዩ ዕንባቆም ግን በለሱ ሳያፈራ፣ ወይኑ ሳይይዝ፣ በረቱም ባዶ ሆኖ ሳለ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ተናግሯል። እኚያ እናት መጽሐፉን አላነበቡም፤ ነገር ግን በአውድማቸው ላይ ፈጸሙት። ይህን ስንል የረኃብን ነገር ማቃለላችን አይደለም፤ የተራበ ሰው እህል እንጂ ስብከት አይጠግብም። ምስጋና ማለት የጐደለውን መካድ ሳይሆን፣ በጐደለው መካከል እጅን አለመጨበጥ ነው።

ለየዕለቱ የሚሆን ሥርዓት

በአዝመራ የደከመ ሰው ረጅም ንባብ አይችልም። ስለዚህ ማታ፣ ከራት በፊት፣ ፊደል የቈጠረው ልጅ ጥቂት ቍጥር ያንብብ፤ አባትና እናትም ያድምጡ። በስብከት ሳምንት ሚክያስ ምዕራፍ 5፣ በብርሃን ሳምንት ኢሳይያስ ምዕራፍ 9፣ በኖላዊ ሳምንት መዝሙረ ዳዊት 22 እና የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10፣ በልደት ዋዜማም ዕንባቆም ምዕራፍ 3 ይነበብ። ከንባቡ በኋላ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንጠያየቅ፦

በመጀመሪያ፣ ዛሬ ለእግዚአብሔር አደራ ብለን የተውነው ነገር ምንድር ነው?

ሁለተኛ፣ ዛሬ ፊታችንን ያዞርንበት ሰው ማን ነው? ነገስ ወደ እርሱ የሚሄደው ማን ነው?

ሦስተኛ፣ ዛሬ ሳንሰፍር ምን ሰጠን? ሳንለምንስ ምን ተቀበልን?

ልጆች የሚመልሱትን አናቃልል፤ ብዙ ጊዜ የቤቱን ጠብ ቀድሞ የሚያውቀው ልጅ ነው። ከአገር ወጥታችሁ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የምትኖሩም ብትሆኑ፣ አውድማችሁ የወር ደመወዛችሁ ነውና ከመቍጠራችሁ አስቀድማችሁ የድኻውን ድርሻ ለዩ።

የልደት ሌሊት ሲደርስ ካህኑ ከቤተልሔም ኅብስቱን ይዞ ወደ መቅደስ ይገባል። በዚያ ኅብስት ውስጥ የስንዴው ገበሬ ድካም አለ። ከእርሱ ጋር የታረቀ ወንድም፣ የተጐበኘ ጐረቤትና ሳይሰፈር የተሰጠ እፍኝ ገብስ ቢገባ ጾማችን በእውነት ጾመ ነቢያት ሆነ ማለት ነው። በየቤታችንም ለሚመጣው እንግዳ ቦታ ይገኛል።

እግዚአብሔር አምላካችን የአውድማችሁን በረከት ያብዛላችሁ፤ ለአገራችን ሰላምን ይስጥልን፤ ለብርሃነ ልደቱም በደኅና ያድርሰን። አሜን።