ከሳሪስ አቦ እስከ ማዘጋጃ ቤት፦ የአርቱሮ ሜዜዲሚን አዲስ አበባ መጎብኘት

አዲስ አበባን ሊያይ የመጣ እንግዳ የሚወሰድበት ቦታ ይታወቃል፤ እንጦጦ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሥላሴ፣ መርካቶ። ከ1950ዎቹ የተረፉትን ሕንፃዎች ግን እንግዳው ቀርቶ የከተማው ልጅ እንኳ ቀና ብሎ አያያቸውም። ጉዳይ ሊያስፈጽም ይገባባቸዋል፣ ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። እኔ የምኖረው ሳሪስ አቦ ነው። ወደ መሀል ከተማ በወጣሁ ቁጥር መንገዴን ትንሽ አጣምሜም ቢሆን የአንድ ሰው ሥራ የሆኑትን ሁለት ሕንፃዎች ሳላይ አልመለስም፤ የአፍሪካ አዳራሽንና የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን። በዚህች ከተማ እንደነዚህ የተደከመባቸውና የተዘነጉ ሥራዎች ጥቂት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ጉዞው ቀላል ነው። ከሳሪስ አቦ በታክሲ ወይም በባቡር ስታዲየም ይወረዳል፤ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ ወደ ላይ ሲወጣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። ከዚያ ወደ ለገሃር ተመልሶ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ መያዝ ነው፤ ጎዳናው የሚያበቃው ማዘጋጃ ቤቱ እግር ሥር ነው። ምቹ ጫማና ግማሽ ቀን ይበቃል።

አርቱሮ ሜዜዲሚ እ.ኤ.አ. በ1922 በጣሊያን ሲዬና አካባቢ ተወለደ፣ በ2010 ሮም ውስጥ አረፈ። አሥመራ የደረሰው በ1940፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው። ከአሥመራ ቀደምት ሥራዎቹ አንዱ የከተማዋ የመዋኛ ገንዳ ነው። ቆይቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዓይን ሳበ፤ አርባ ዓመት ሳይሞላውም የአፍሪካ አዳራሽ ተሰጠው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝን ነገር ማንሳት አለብኝ። እነዚህን ሕንፃዎች በተመለከተ በየታክሲው፣ በየካፌው፣ አንዳንዴም ከአስጎብኚዎች አፍ የሚሰማው ነገር አንድ ነው፤ «ጣሊያን የሠራው ነው» ይባላል። መስቀል አደባባይ ላይ አንድ ወጣት አስጎብኚ ለውጭ አገር እንግዶች የአፍሪካ አዳራሽን በጣቱ እያሳየ የወረራው ዘመን ሥራ ነው ብሎ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ፎቶ አነሱ። ያ ፎቶ ዛሬ በየት አገር፣ በምን መግለጫ እንደተቀመጠ እግዜር ይወቀው።

ዓመቱን እንቁጠር። ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሃያ ዓመት አለ። ወራሪው ከሄደ በኋላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ለምርቃቱ ጎልማሳ ሆኖ ሊደርስ ይችል ነበር። ሕንፃውን ያሠራው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ያሠራበት ምክንያትም በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን አዲስ አበባ እንዲያደርግ ነው። ግንባታው ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው የፈጀው። ዛሬ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በቆርቆሮ ታጥሮ ስንት ዓመት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ይህን ፍጥነት ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል።

«መሐንዲሱ ጣሊያናዊ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነው። ግን የአንድ ሰው ዜግነትና የአንድ ወራሪ መንግሥት ሥራ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሜዜዲሚ የራሱን ሥራ መሥራት የጀመረው ጣሊያን ኤርትራን በእንግሊዝ ከተነጠቀች በኋላ ነው፤ ሙያው የበሰለው እዚሁ፣ በአፍሪካ ቀንድ ፀሐይና ድንጋይ መካከል ነው። አዲስ አበባም የመጣው ተቀጥሮ፣ የኢትዮጵያን ትእዛዝ ተቀብሎ ነው። የኛን ሠፈር አካባቢ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት አይከብደውም፤ የአቃቂን ሬዲዮ ጣቢያ የተከለው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ግን ያሠራው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፣ የተመረቀውም ከወረራው በፊት በ1927 ዓ.ም. ነው። ባለሙያ መቅጠርና መወረር አንድ ሆኖ አያውቅም።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ አላጣሁትም። ከወረራው ዘመን በእርግጥ የቀሩ ሕንፃዎች አሉ፤ ካዛንችስና ፖፖላሬ ስማቸው ራሱ ይመሰክራል። ብሔራዊ ቴአትርም ቢሆን የተጀመረው በጣሊያን ጊዜ ሲኒማ ሊሆን ነው፤ ጨርሶ ቴአትር ያደረገው ግን ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜ ነው፣ የተከፈተውም በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ነው። ሰው የአንዱን ታሪክ ለሌላው እያለበሰ ነው እንግዲህ። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። አገራችን በነፃነቷ ማግስት ገንዘቧን አውጥታ፣ ባለሙያ መርጣ፣ ለአፍሪካ ቤት ሠራች የሚለውን ትልቅ ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለወራሪው አሳልፎ መስጠት ነው። ሠፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት ግንበኛ ይህን ነገር ሲሰሙ ንድድ ይላሉ፤ ድንጋዩን የጠረበውን፣ ሲሚንቶውን በባልዲ ያመላለሰውን አበሻ ማን ቆጠረው ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ወደ ሕንፃው እንግባ። የአፍሪካ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፤ አስቀድሞ የጉብኝት ፈቃድ መጠየቅ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ፣ በፍተሻ ማለፍ ግድ ነው። ለዚህ የሚታክት ሰው ትልቅ ነገር ያመልጠዋል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው እዚህ ነው፤ ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አላረዝመውም።

የመግቢያውን አዳራሽ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ የያዘው የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው፤ በሦስት ክፍል፣ 150 ካሬ ሜትር። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ይተርካል። ችቦ የያዙ አፍሪካውያን አሉበት፣ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ያለበት ጥሩር የለበሰ ተዋጊም አለ። ብዙ ጎብኚ ከሩቅ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ ይህ መስታወቱን አለማየት ነው። ቀረብ ብላችሁ ቁሙ። እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ቀለም ያበራል፤ በቁራጮቹ መካከል ያለው ጥቁር መስመር የሰዓሊው እጅ ያሰመረው ይመስል የፊትን ቅርጽ፣ የልብስን እጥፋት ይከተላል። ፀሐይ ሲመታው ቀዩና ቢጫው ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ነጭ የለበሰ ሰው ካለፈ ነጠላው ይቀለማል። ከዚያ ዞር ብላችሁ ሕንፃውን እዩ፤ ሜዜዲሚ ለመስታወቱ ሰፊ ቦታ ለቆ፣ በዙሪያው ያለውን ረጋ አድርጎታል። ሥራውን ለሌላ ሰው ሥራ ማሳያ ለማድረግ የማይሳሳ መሐንዲስ ብዙ አይገኝም። እኔ ሜዜዲሚን የወደድኩት በዚህ ነው።

አዳራሹ ሰፊ እድሳት ተደርጎለት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለዚህ 56.9 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። መስታወቱ ታደሰ፤ የዱሮው የቤት ዕቃም አልተጣለም፣ ተጠግኖ ቦታው ተመለሰ። ለእኔ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ትምህርት የሚሆነው ይህ ነው፤ ማደስ ማለት አሮጌውን አውጥቶ መጣል እንዳልሆነ አሳይተዋል።

ማዘጋጃ ቤቱ ከአፍሪካ አዳራሽ ጥቂት ዓመታት በኋላ የተሠራ ነው። ከስሩ ቆሞ የሚያየው ሰው ግዙፍ ቢሮ ነው ብሎ ያልፋል። ትክክለኛው አተያይ ከታች፣ ከለገሃር ነው። የባቡር ጣቢያው ታች፣ ማዘጋጃ ቤቱ ላይ፣ መሀላቸው ቀጥ ያለ ጎዳና፤ ዱሮ በባቡር ከጅቡቲ የመጣ መንገደኛ ከጣቢያው ወጥቶ ቀና ሲል የከተማውን መስተዳድር ከፍታ ላይ እንዲያይ ሆኖ ነው ቦታው የተመረጠለት። ሽቅቡን ስትወጡ ሕንፃው እየሰፋ፣ ክንፎቹን እየዘረጋ ይመጣል። ሲደርሱ ደረጃው ላይ ዞር ብሎ ወደ ታች ማየት ነው። ውስጡ የቴአትር አዳራሽም አለው። ቢሮና ቴአትርን ባንድ ጣሪያ ሥር ያኖረ ማዘጋጃ ቤት ከተሜነትን ከግብርና ከካርታ በላይ አድርጎ ያሰበ ነው።

አሁን ትንሽ ወቀሳ። የዚህን ዘመን ሕንፃዎች የተረከቡ መሥሪያ ቤቶች የሚያደርጉትን አይቻለሁ። ለፀሐይ መከላከያ የተሠራውን የሲሚንቶ ክንፍ ሰብረው የአየር ማቀዝቀዣ ይሰቅላሉ። ድንጋዩን በዘይት ቀለም ይለቀልቃሉ። ለመቶ ሰው የተሠራውን ሰፊ ደረጃ በሰንሰለት ዘግተው ሰዉን በጓሮ በር ያስገባሉ። ከዚያ «ሕንፃው አርጅቷል» ይባልና አሉሚኒየም ይለብሳል። ሕንፃው አላረጀም፤ ጠባቂ አጥቶ ነው። ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ አንድ አርክቴክት ጠይቁ። የሕንፃ ኮሌጁ ልደታ ነው ያለው፣ ሩቅ አይደለም።

ጉልበት የቀረው ሰው ቸርችልን ሲወርድ የአንሪ ሾሜን ክብ የንግድ ባንክ ሕንፃ ይይ። ዛልማን ኤናቭ ከኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ጋር የሠሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ለአፍሪካ አዳራሽ ቅርብ ነው። ሁሉም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ከነፃነት በኋላ ናቸው።

ወደ ሳሪስ ስትመለሱ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ስለ አፍሪካ አዳራሽ «ጣሊያን የሠራው» ካለ አትከራከሩት። በስንት ዓ.ም. እንደተመረቀ ብቻ ጠይቁት፤ ካላወቀ 1953 ብላችሁ ንገሩት።